የተረፈው ቀይ አፈር

ይህን ከሰው አልሰማሁትም። በመዳፌ የለሰንኩት ነው።

ማመን የማይፈልግ እዚህ ላይ ያቁም። አልቀየመውም። የምቀየማቸው ሰዎች ሞልተውኛል፤ ለአዲስ ቦታ የለኝም።

ከተማው ጅማ ነው። ዘመኑ 1970 ዓ.ም.፣ ወሩ መጋቢት፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ።

የሌሊት ነገር የምትጠብቁ ካላችሁ ይቅርታ... ያኔ ሰዓት እላፊ ነበር። ጂኒ እንኳ ያለ ይለፍ ወረቀት አይወጣም። እኛን ያገኘን ሁሉ በጠራራ ፀሐይ ነው ያገኘን።

አሞጽ እባላለሁ። ሥራዬ ቤት በጭቃ መለሰን ነው። ከወላይታ መጥቼ ጅማ ስገባ የማውቀው ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ያስጠጋኝ ቲጃኒ የሚባል ልብስ ሰፊ ነው።

የእኛ የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት ሲታሸግ ስድስት ሰባት ሆነን የምንጸልይበት አጣን። ቲጃኒ ሳሎኑን ሰጠን። እሱ አምስት ወቅት የሚሰግድ ሙስሊም ነው።

"ያ አሞጽ፣ ቤቱ የአላህ ነው" አለኝ። "እኔ ዘበኛው ነኝ። ግቡ።"

ከውጭ ለሚያይ ሰው ጫት ላይ የተቀመጥን እንዲመስል መሃላችን አንድ እስር ጫት ያኖርልናል። ዓይናችንን ገልጠን እንጸልያለን። ጫቱ ፊታችን ይጠወልጋል። ቅጠል የሚነካ የለም።

ጫቱ ነው ጉድ የሠራን።

ሰው አንድ እስር ጫት ሳይነካ ቆሻሻ ላይ የሚጥልበት ቤት ጅማ ውስጥ የለም። ይህን ያየ ጎረቤት ቀበሌ ሄዶ ነገረ።

ኅዳር ላይ መጥተው ቲጃኒን ወሰዱት። ቤትህ የሚሰበሰቡት እነማን ናቸው ተብሎ ሲገረፍ "ጫት የማይችሉ ሰዎች" ከማለት ሌላ አንድ ቃል አልወጣውም አሉ።

የአንዳችንንም ስም አልጠራም። የእኔንም።

ሚስቱ ዙቤይዳ እርጉዝ ነበረች። በየቀኑ ሆዷን ይዛ ምግብ ታደርሳለች። ጠባቂዎቹ ይቀበሏታል። ሰው ማየት ክልክል ነው ይሏታል። ማታ ሳህኑ ይመለሳል።

የካቲት ላይ ሴት ልጅ ወለደች። መድና አለቻት።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሳህኑ ተልሶ መመለስ ጀመረ።

ቲጃኒ ግን ሳህን ጨርሶ አያውቅም። "የመጨረሻዋ ጉርሻ የድመቷ ናት" ይላል፤ ሁልጊዜ ያተርፋል።

"ርቦት ይሆናል" አለች ዙቤይዳ።

"እስር ቤት ድመት የለም" አልኩ እኔ።

እንዲህ ነበር ራሳችንን የምንሸነግለው።

—

የቀበሌው ሊቀመንበር ሣህሉ ይባላል። የቀበሌውን ቁጥር አልናገርም። ሣህሉ ቀድሞ ቡና መጋዘን ውስጥ ጆንያ ቆጣሪ ነበር። የቲጃኒ መደብ ላይ ተቀምጦ ስንት ቀን ሻይ ጠጥቷል! ሱሪውን ሁሉ የሰፋለት ቲጃኒ ነው።

ያኔ ግድግዳ ለመለሰንም ፈቃድ ይጠየቅ ነበር። ቢሮው ሄድኩ።

"የማንን ቤት ነው?" አለኝ።

"የቲጃኒን፣ ጓድ ሊቀመንበር። ሳሎኑን አዲስ ላደርግለት ነው። ሲፈታ ንጹሕ ቤት ይግባ ብዬ ነው። ስጦታዬ ነው።"

ከላይ እስከ ታች አየኝ። ከዚያ ጢሙን በጣቱ ጠረገ።

"ጥሩ ሐሳብ ነው። ለሚያዝያ 23 የሚፈቱ ሰዎች አሉ። አፈር ከየት ታመጣለህ?"

"ከአዌቱ ወንዝ ዳር።"

"ምን አደከመህ! እኛ ጓሮ የተቆለለ ቀይ አፈር አለ። አንዲት እፍኝ ሳትተው ውሰድ። ጓሮውም ይጽዳልን።"

አመሰገንኩት።

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ጎንበስ ብዬ አመሰገንኩት።

አፈሩ ግሩም ነበር። ድንጋይ የለው፣ ሥር የለው። አካፋ ሲነካው ይናዳል። የአህያ ጋሪ ይዤ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ።

ገመቹ የሚባል ሽበታም የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን ተደግፎ ያየኛል። የቢሮው መስኮት መዘጋቱን አረጋገጠና ጠጋ አለኝ።

"ኦቦ አሞጽ..."

"አቤት።"

"ሌላ አፈር የለም?"

"ይሄ ምን አለው? የላመ ነው።"

"የላመ ነው..." አለ። "ማሎ፣ እባክህ፣ በእግርህ አትርገጠው።"

"ጭቃ በእግር ካልተረገጠ በምን ይቦካል?"

ጫማውን ያይ ጀመር።

የጃጀ ሽማግሌ አልኩ በልቤ።

—

የሳሎኑን ነገር ልንገራችሁ።

ከበሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ ሥር የጭቃ መደብ አለ። ቲጃኒ ከሥራ ሲመለስ እሱ ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ያስደግፋል። ከዓመት ብዛት የራሱ ቅባት ግድግዳው ላይ ሳህን የሚያህል ጥቁር ክብ ሠርቷል።

"ሰው ግድግዳው ላይ ፎቶ ይሰቅላል። አንተ ቅባትህን ሰቀልክ!" ትለው ነበር ዙቤይዳ።

መደቡን አፍርሼ በቦታው ሶፋ ላስገባ አሰብኩ። ጣራው ሥር የቡና ጆንያ ሰፍቼ ኮርኒስ ልወጥር። ግድግዳውን እንደገና ለስኜ ኖራ ልቀባ። በመጨረሻ አረንጓዴ መጋረጃ።

አንድ ነገር ቀረ። አራስ እርጥብ ቤት ውስጥ አትቀመጥም። ጭቃው ብርድ ይሰዳል፣ ሕፃኗንም ያማታል።

"ዙቤይዳ እህቴ፣ ሸቤ ከተማ እናትሽ ጋ ቆይ" አልኳት። "ግድግዳው እስኪደርቅ ነው።"

"ቤቱን ባዶ ጥዬ?"

"እኔ አለሁ አይደል?"

"ምግቡንስ ማን ያደርስለታል?"

"እኔ።"

ቁልፉን መዳፌ ላይ አኖረች። "ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ አሞጽ። ሲገባ ደስ ይለዋል፣ ኢንሻአላህ" አለች።

ልጇን አዝላ ሄደች።

ጭቃውን ጓሮ ውስጥ ከጭድ ጋር አቦካሁ። አራት ቀን ረገጥኩት። በባዶ እግሬ፣ እስከ ጉልበቴ ገብቼ። ማንም እንዳይሰማኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እየዘመርኩ ነበር የምረግጠው።

ጭድ ባለበት ዶሮ አይጠፋም። የጎረቤት ዶሮዎች ግን አጥሩ ሥር ተሰብስበው ይቆማሉ እንጂ ወደ ጭቃው አይጠጉም።

ጠዋት ጠዋት ጭቃው ይሞቃል። ፀሐይ ሳይነካው።

በሦስተኛው ቀን እግሬን አንድ ነገር ወጋኝ። ሳወጣው መፋቂያ ነው። በአንድ በኩል ብቻ የታኘከ።

ቲጃኒ እንዲህ ነበር የሚያኝከው፤ በግራ በኩል ጥርስ አልነበረውም።

መፋቂያ የማያኝክ ሰው ጅማ ውስጥ ማን አለ... አልኩና ወረወርኩት።

—

መኝታ ቤቱን በአዌቱ አፈር ለሰንኩት። በሦስት ቀን ደረቀ።

ሳሎኑን በቀበሌው አፈር ለሰንኩት። አልደረቀም።

ሳምንት ሞላው። አልደረቀም። የመጋቢት ፀሐይ በመስኮት ገብቶ ሲያርፍበት ይውላል፣ ግድግዳው ያልበዋል።

ሚያዝያ ሲደርስብኝ ኖራውን በእርጥቡ ቀባሁት። ነጭ ሆነ። አማረ። ወደ ቤቴ ቦሳ ኪቶ ሄጄ ተኛሁ።

በማግስቱ ስመለስ መደቡ ከነበረበት በላይ ነጩ መሃል ጠቆር ያለ ክብ አየሁ።

የድሮው ቅባት ነው፣ ከሥር ወጣ አልኩ። ቀባሁት።

በማግስቱ ተመለሰ።

ቀባሁት።

ተመለሰ...

በአራተኛው ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ተናድጄ በመዳፌ ላብሰው ነካሁት። ይሞቃል። ትኩሳት እንዳለው ሰው።

ያኔ ነው በደንብ ያየሁት።

የድሮው ክብ የሳህን ስፋት ነበረው። ይሄ የሲኒ አፍ ቢያክል ነው። መሃሉ ላይ ሌላ ትንሽ ነጥብ አለ፣ የበለጠ የጠቆረ።

ቁመቱም ልክ አይደለም። የድሮው የተቀመጠ ሰው ጭንቅላት የሚደርስበት ነበር። ይሄ ከፍ ብሏል፣ አገጬ ጋ። ቲጃኒ ደግሞ ከጎኔ ሲቆም ግንባሩ አገጬ ጋ ነበር የሚደርሰው።

ብዙ የሰገደ ሰው ግንባሩ ላይ ጥቁር ምልክት ያወጣል። ቲጃኒ ነበረው።

የጭንቅላት ጀርባ አይደለም...

ግንባር ነው።

ከሳሎኑ በኩል አይደለም የተደገፈው። ከግድግዳው ውስጥ ነው። ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ።

ሮጥኩ ብላችሁ ደስ ይላችሁ ይሆናል። አልሮጥኩም። ምሳዬን እዚያው በላሁ። ጀርባዬን ግን አልሰጠሁትም።

—

ሚያዝያ 23 ደረሰ። ዙቤይዳ ከሸቤ ልትመጣ ነው። ቲጃኒም ይፈታል። አረንጓዴውን መጋረጃ ትከሻዬ ላይ ጥዬ ሄድኩ።

በሩ ላይ የማላውቀው ቁልፍ ተንጠልጥሏል። በሩ ግን ገርበብ ብሏል።

ገባሁ።

ሶፋው ላይ ሣህሉ ተቀምጧል። ከነጫማው።

"ና ግባ! እጅህ ወርቅ ነው" አለኝ። "መጋረጃውንም አመጣኸው? ስቀለው።"

"ጓድ ሊቀመንበር... ይሄ የቲጃኒ ቤት ነው።"

"ባዶ ቤት ነው። ባለቤት ከአንድ ወር በላይ ያልኖረበት ቤት ወደ ቀበሌው ይገባል።"

"አራስ ናት! እርጥብ ቤት ውስጥ እንዳትቀመጥ ነው ሸቤ የሄደችው!"

"ታዲያ ማን አስወጣት?"

መጋረጃውን ትከሻዬ ላይ አስተካከልኩ።

"ማን አስወጣት፣ ጓድ አሞጽ?"

እኔ ነኝ። በገዛ አፌ። ቁልፉ እስከዚያች ሰዓት ኪሴ ውስጥ ነበር።

"ቲጃኒስ?" አልኩ።

ጥርሱን በጥፍሩ ጎረጎረ።

"ከእንግዲህ ምግብ እንዳታደርስ።"

በዚያ ዘመን የኖረ ሰው የዚህን ቃል ፍቺ ያውቃል። ስንት እናት በር ላይ ተነግሯት ሳህኗን ይዛ ወድቃለች። ይሄ ሰው ግን የሟች ሶፋ ላይ ተዘርግቶ ነው የሚነግረኝ። ጢሙ ላይ ቅባት አለ። እኔ ትናንት ያደረስኩት ወጥ ቅባት።

መጋረጃውን ፊቱ ላይ ወርውሬ ወጣሁ። ከዚያ የባሰ ማድረግ ነበረብኝ። አላደረግኩም። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ገመቹን የቀበሌው አጥር ሥር አገኘሁት።

"መቼ ነው?" አልኩት።

"ልጁ በተወለደች በሦስተኛው ቀን" አለ በሹክሹክታ። "መወለዷን ማንም አልነገረውም።"

"የት ነው ያለው?"

ገመቹ ወደ ጓሮው አገጩን ቀና አደረገ። አፈር የወሰድኩበት ቦታ ለጥ ብሎ ተኝቷል። ጉብታ የለ፣ ምልክት የለ።

ያኔ ገባኝ።

ጉድጓድ ቆፍረህ ያንኑ አፈር ብትመልስበት ልክ ይሞላል። አፈር የሚተርፈው ውስጡ ሌላ ነገር ሲገባ ነው። ቀብር የደረሰ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። እኔም ስንት ቀብር ደርሻለሁ፤ አካፋ ይዤ ስንት ጉብታ አበጅቻለሁ።

የጓደኛዬን ጉብታ በአህያ ጋሪ የጫንኩት እኔ ነኝ። ተለምኜ እንኳ አይደለም። አመስግኜ።

አራት ቀን ረግጬዋለሁ።

እየዘመርኩ።

—

ሰኔ ላይ ሣህሉ አስጠራኝ። ሰዓቱ እንደተለመደው ዘጠኝ ነው።

ስገባ ዕቃው በሙሉ ሳሎኑ መሃል ተከምሯል። ሶፋው፣ ጠረጴዛው፣ ሬዲዮው። ግድግዳ የነካ አንድ ዕቃ የለም። ሣህሉ መሃሉ ላይ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ከስቷል። ጣቶቹ ኖራ ሆነዋል፤ ራሱ ሲቀባ ነው የከረመው።

"ቀባው" አለኝ በሹክሹክታ።

"የቱን?"

"ሶፋውን አዞርኩት... ወደ በሩ። እዚያ መጣ። ወደ መስኮቱ አዞርኩት። እዚያም መጣ።"

አየሁ። አራቱም ግድግዳ ላይ አለ። አገጬ ጋ።

"አፈሩ ከየት እንደሆነ ታውቅ የለ፣ ሣህሉ?" አልኩት። ጓድ አላልኩትም። አንተ አልኩት።

"ቀስ በል!" አለ። ዓይኑ ግድግዳው ላይ ነው። "ይሰማል..."

"ይስማ እንጂ።"

"አሞጽ፣ ወንድሜ... በአምላክህ። አንድ ጊዜ ብቻ ቀባው።"

ብሩሹን ከእጁ ተቀበልኩ። የኖራው ባልዲ ውስጥ ነከርኩት። ዓይኑ ሲያበራ አየሁት።

ከዚያ ብሩሹን እግሩ ሥር አስቀመጥኩለት።

"እኔ ለቲጃኒ ነው የሠራሁት" አልኩ። "ባለቤቱም ገብቶበታል።"

ወጣሁ። ከኋላዬ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ሰማሁት። አላሳዘነኝም። ዛሬም አላሳዘነኝም።

በሳምንቱ በእኩለ ቀን በባዶ እግሩ ወጥቶ በሰኮሩ መንገድ ሲሄድ ታየ። ግንባሩ በሙሉ ኖራ ነበር አሉ። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። ቀበሌው ቤቱን ለሌላ ሰጠ፤ ሰውየው ሦስት ቀን አልቆየበትም። ሌላ ገባ፣ ወጣ።

ሁለት ዓመት ሲሞላ "እርጥብ ነው፣ ማንም አይፈልገውም፣ ለሚስቱ ይመለስላት" ተባለ።

—

ሚያዝያ 1972። ዘጠኝ ሰዓት።

ዙቤይዳ ልጇን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ሞቱን ከተረዳችበት ቀን ጀምሮ፣ ሸቤ ሆና፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። የት ተቀበረ? ቀበሌ ጠየቀች፣ እስር ቤት ጠየቀች፣ ሸቤ ድረስ የሚመጣውን መንገደኛ ሁሉ ጠየቀች።

እኔን አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳትም። ምን ብዬ?

ጫማችንን በሩ ላይ አወለቅን። ገባን።

"ሱብሃነላህ... አሁንም እርጥብ ነው" አለች። "አፍርሰህ እንደገና ለስንልኝ፣ አሞጽ። ልጄ ትታመምብኛለች።"

መቆፈሪያዬን ይዤ ነበር። መሬት አስቀመጥኩት።

ምልክቱን ፈለግኩት። አገጬ ጋ የለም። አራቱንም ግድግዳ አየሁ። የለም።

መድና ከእናቷ እጅ አመለጠች። ድክ ድክ እያለች መደቡ ወደነበረበት ግድግዳ ሄደች።

ምልክቱ እዚያ ነው...

ጉልበቴ ጋ።

አንድ ሰው ቁጢጥ ብሎ የሚጠብቃት ይመስል።

መድና ግንባሯን ምልክቱ ላይ አሳረፈች። ቆየች። ሳቀች። ጆሮዋን አዙራ ለጠፈች። እንደገና ሳቀች። ከዚያ የያዘቻትን ዳቦ ገምጣ ገምጣ፣ የመጨረሻዋን ቁራሽ ግድግዳው ሥር አስቀመጠች።

ማንም አላስተማራትም።

ዙቤይዳ አልጮኸችም። ቁራሿን አየች። ግድግዳውን አየች። እኔን አየች።

"አሞጽ..."

"አቤት።"

"አፈሩን ከየት ነው ያመጣኸው?"

መልሱን ሁለት ዓመት አጥንቼዋለሁ። ግን ያን ቀን ገመቹ እንዳደረገው መሬት መሬት አየሁ። እግሬን አየሁ።

ጠዋት ታጥቤ ነበር የወጣሁት። መንገዱ ደረቅ ነበር።

በእግሬ ጣቶች መሃል ቀይ ጭቃ አለ።

እርጥብ ነው።

ይሞቃል።